በአታት ሌሊት የምትሸጠው እናት



ማታ መንገድ ዳር ምግብ ስለሚሸጡ ሰዎች ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ትልቅ ከተማ ነው። በረመዷን ምሽት መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ የሚጠበሰው ሳምቡሳ፣ በአዲስ አበባ የየሰፈሩ ጥግ ድንችና ዳታ በዳቦ ተደርጎ የሚሸጠው እርጥብ የስንቱ ወጣት ትዝታ ነው! እኔ ግን ዛሬ የማወሳላችሁ በእኛው በጉራጌ አገር፣ በአታት፣ ሌሊት የምትሸጥ አንዲት እናት ነው።

አታት ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ፣ በሆስፒታሉ የታወቀ ሥፍራ ነው። የካቶሊክ ደናግል በ1969 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት ይህ ሆስፒታል፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይዛቸው ቀደም ብለው የሚያርፉበትን ቤት በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከፍቶ የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል። በአገራችን የታማሚን ስንቅ የሚያቀርበው ቤተሰቡ ነውና፣ ከሩቅ የመጣ አስታማሚ ስንቁ ሲያልቅበት፣ ሌሊቱም ሲገፋ መግቢያ ያጣል።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በምታምጥበት ሌሊት አዋላጇ ወጥታ «ትኩስ ነገር አምጡላት» አለችን። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት አልፏል። ከበሩ ውጭ እኚያን እናት ፋኖስ አብርታ፣ ከሰል አቀጣጥላ፣ የቡላ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ አገኘኋት። ቡላ እንሰት ተፍቆ ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጥ ነጭ ዱቄት ነው፤ እንሰቱም ለዚህ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። አራስና ታማሚ የሚጠገነው በእርሱ ነው።

ሒሳቡን ብጠይቃት ቀን አማቴ የከፈለችውን ያንኑ ዋጋ ጠራችልኝ። ጨምሬ ብሰጣት ትርፉን መለሰችልኝና፣ «ልጄ፣ ሌሊት የመጣ ሰው ሌላ መሄጃ የለውም፤ መሄጃ በሌለው ላይ አልጨምርም» አለችኝ።

በዘመናዊ ትምህርት ቤት ፈላጊ ሲበዛና ሻጭ ሲያንስ ዋጋ እንደሚወደድ ተምሬያለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምራለሁ። መድረሳ ሳለሁ ደግሞ ኡስታዞቻችን የተቸገረን የሚያቃልል ሰው አላህ ዘንድ ምን እንደሚጠብቀው ነግረውናል። ይህች እናት በዚያ ጨለማ ሁለቱን አመዛዝና የምትይዘውን መርጣለች።

ንጋት ላይ ልጃችን በሰላም ተወለደች፤ አልሐምዱ ሊላህ። በቆየንባቸው ሌሊቶችም አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሥጋ ጨርሶ አትሸጥም። ቆጮው በጎመን፣ ሳምቡሳው በምስር፣ ቅባቱ ዘይት ነው። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ «እዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ሁሉም ሳይሳቀቅ ይብላ ብዬ ነው» አለች። ጿሚውም ሥጋ የሚለየውም ከአንድ ሳህን የሚጎርሱት ለዚህ ነበር።

ይሁን እንጂ፣ ወንድሞቼ፣ አብሮን ያመሸ አንድ ወጣት አጥሚቷን ጠጥቶ ሳይጨርስ፣ «ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት መንገድ ዳር ምን ትሠራለች?» ሲል ሰማሁት። በየከተማው እንዲህ የሚል አይጠፋም። እጇ የሠራውን እየጎረስን ስሟን ማኘክ ምን የሚሉት ነው? በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅና እንዳንተማማ ታዘናል። ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ሌሊት ያስወጣትን የልጆች ቀለብ ይሁን የቤት ኪራይ፣ የምታውቀው እርሷ ናት። እኛ ያየነው ሐላል ሥራዋን ነው።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በምሽት ከምትሸጥ እናት ስትገዙ በሳንቲም አትከራከሯት። ብርጭቆዋን በወቅቱ መልሱላት። ሰካራም ሲያስቸግራት ካያችሁ አጠገቧ ቁሙ። ዕቃዋን ስታነሳ ደግሞ ተሸከሙላት። ወላጆችም ለልጆቻችን ሥራን ማክበር በቃል ከመንገር ይልቅ፣ ሻጯን በክብር ስናናግር እንዲያዩን እናድርግ።

በጨለማ ለእንግዳ የሚደርሱትን ሁሉ አላህ ሲሳያቸውን ያስፋላቸው፤ ክብራቸውንም ይጠብቅላቸው። አሚን።