በካርቱም የዓሣ ወረቀት ፍለጋ

በ2010 ዓ.ም. በየካቲት ወር ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ካርቱም ተላክን። ለስድስት ቀን የታሰበው ሥራ በአራት ቀን ስለ ተፈጸመ፣ የተረፉትን ሁለት ቀኖች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በልባችን ሲመላለስ ለነበረ አንድ ነገር አዋልናቸው። ይኸውም ዓሣ ነው። አንባቢ ይህን ሲሰማ የተጠበሰ ዓሣ ፍለጋ የዞርን መስሎት ፈገግ ይል ይሆናል። እርሱንም ቢሆን አልተውነውም፤ ዋናው ምክንያታችን ግን ሌላ ነበር።

ወደ አሁኑ ሥራችን ከመዛወራችን በፊት በምዕራቡ ጠረፍ ሁለት ዓመት ያህል አገልግለናል። በጣና ዳርቻ የደረቀው ዓሣ በጆንያ ታስሮና በመኪና ተጭኖ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲመጣ፣ ክብደቱን አስመዝነን፣ በቅጹ ላይ «ደረቅ ዓሣ» ብለን ጽፈን፣ ማኅተም መትተን እናሳልፍ ነበር። ስንት ጊዜ እንደዚህ ብለን እንደ ጻፍን አልቈጠርንም። ከየትኛው የሐይቁ ክፍል እንደ ተያዘ፣ ምን ዓይነት ዓሣ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ወር እንደ ተጠመደ የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። በልጅነታችን ያስተማሩን የሚስዮን መምህር ከጓሮ የተቀጠፈውን ቲማቲም እንኳ ከነቀኑና ከነመደቡ በመዝገብ ያስጽፉን ስለ ነበረ፣ ነገሩ አልፎ አልፎ ኅሊናችንን ይነካው ነበር። ዳሩ ግን የሥራ ብዛት ኅሊናን ያስተኛል። እንግዲህ ካርቱም ከደረስን ዘንድ፣ ያ ማኅተም የመታንበት ዓሣ የት እንደሚደርስ በዓይናችን ለማየት ቈረጥን።

ወደ ካርቱም የሄድነው ዓሣው በሚሄድበት መንገድ ነው። ከጎንደር ተነሥተን በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርገን መተማ ዮሐንስ ደረስን። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበት አገር ስለ ሆነ፣ በተለይ ትግርኛ እየተናገርን ላደግን ሰዎች ሳይቆሙ የሚያልፉት ስፍራ አይደለም። ከዚያ ወደ ገላባት ተሻግረን፣ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በሞላበት ሜዳ ወደ ገዳሪፍ ዘለቅን። ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ስላለው መንገድ የምንጽፈው ብዙ የለንም፤ ሙቀቱ ብርቱ ነበር፤ እኛም አብዛኛውን ተኝተን አለፍነው።

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበትን፣ ሱዳኖች ሙግራን የሚሉትን ስፍራ ለማየት በማለዳ ሄድን። በበጋ ወራት ጥቁሩ ዓባይ ጐደሎና ጥሩ ነው፤ ነጩ ግን ወተት ጠብ ያለበት ውኃ ይመስላል። ሁለቱ ወንዞች ተገናኝተው እንኳ ጥቂት መንገድ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በቱቲ ደሴት ፊት ለፊት ቆመን ይህን ስንመለከት አንድ ነገር ታሰበን። ይህ ውኃ ከጣና ተነሥቶ ያለ ፓስፖርትና ያለ ወረቀት እዚህ ይደርሳል፤ የጣና ዓሣ ግን በዚህ መንገድ አልመጣም። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የታችኛው ወንዝ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ከዚህም የተነሣ በጣና ውስጥ፣ የባሕር ዳር ሰው ነጭ ዓሣ ከሚለው ወገን፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ተፈጠሩ። እነዚህ ዓሦች ወደ ሱዳን የሚሄዱት በመኪና መንገድ፣ ደርቀውና በጆንያ ታስረው ነው።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ኡምዱርማን ገባን። በወንዙ ዳር ባለው በመውረዳ ገበያ የዕለቱ ትኩስ ዓሣ ይሸጥ ነበር፤ እኛ ቀረሶ የምንለውን እነርሱ ቡልቲ ይሉታል፤ ከሁሉ ትልቁን ደግሞ ዒጅል። ሻጩ የእያንዳንዱን ስም፣ ከየት እንደ መጣና ዛሬ ወይስ ትናንት እንደ ተያዘ ሳይጠየቅ ይናገራል። በዘይት የተጠበሰውን ከዳቦ፣ ከሎሚና ሸጣ ከሚባለው በርበሬ ጋር አቀረቡልን፤ ከበላን በኋላም ለመነሣት ትንሽ ከበደን። በዚህ አጋጣሚ አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጠቁም። እኛም አማርኛን በትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ስለ ሆንን ነገሩን በደንብ እናውቀዋለን። ደገኛው ለከብት ጠጕር መልክ ሁሉ የተለየ ስም ሲኖረው፣ በውኃ ውስጥ ላለው ፍጥረት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ዓሣ» ብሎ ያልፈዋል። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ በዞ የሚሉት ስሞች የሐይቅ ዳር ሰዎች ሀብት ናቸው። «ደረቅ ዓሣ» ብለን ስንጽፍ የደገኛን ቋንቋ መጻፋችን ነበር።

ደረቁ ዓሣ የሚሸጠው ግን በኡምዱርማን ትልቁ ገበያ ውስጥ ነበር። ሱዳኖች ከጀይክ ይሉታል፤ ወቅጠው ከባሚያ ጋር ወጥ ይሠሩታል። በጠረፍ በለቀምናት ዓረብኛ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አነጋገርን። ጆንያዎቹን እያሳዩን «ይህ ከነጭ ዓባይ ነው፤ ይህ ከደቡብ ነው፤ ይህ የሐበሻ ነው» አሉን። የሐበሻው በሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ወፍራሙ በአንድ ወገን፣ ቀጭኑ በሌላ ወገን፤ ሌላ ልዩነት የለውም።

«ሐጂ፣ የሐበሻው ምን ዓይነት ዓሣ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የሐበሻ ዓሣ ነዋ!»

«መቼ የተያዘ ይሆን?»

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ አዩንና ከመዝገባቸው መካከል አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ደብዘዝ ያለ የቅጽ ግልባጭ ነበር። የክብደቱ ቍጥር አለ፤ የኛ አገር ማኅተም አለ፤ በአማርኛም «ደረቅ ዓሣ» የሚል ቃል አለ። ጽሕፈቱ የእኛ አልነበረም፤ ከእኛ በኋላ የተተካው ሰው ጽሕፈት መሆን አለበት። ማኅተሙ ግን ያው ነው። «ያ ኡስታዝ፣ ወረቀቱን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉን። አብሮን የነበረው ባልደረባችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ በጆሯችን ሹክ አለን። ለነጋዴው የምንመልሰው አልነበረንም።

በዚያው ምሽት በባልደረባችን በኩል የተዋወቅናቸው፣ ቀድሞ በሱዳን የዓሣ ሥራ አገልግለው በጡረታ ላይ የነበሩ ሰው ሻይ ጋበዙን። የገበያውን ነገር ብናጫውታቸው ሣቁና ከቤት ውስጥ አንድ ሌላ ቅጽ አመጡ። ቅጹ ዐይነ ትልቅ ለሚባለው የቱና ዓይነት የተዘጋጀ ነበር። ቱና በውቅያኖስ ውስጥ ከአገር አገር የሚጓዝ ታላቅ ዓሣ ነው፤ ሰይፍ ዓሣም እንዲሁ፤ አፉ እንደ ሰይፍ የሾለ ስለ ሆነ ይህ ስም ወጣለት። ሱዳን በቀይ ባሕር ምክንያት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን አባል ሆነች። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን፤ የራሳችን ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።

የወረቀቱ ታሪክ እንዲህ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያለውን ቱና የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ በ1966 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተፈረመ ውል የተቋቋመ ነው፤ መቀመጫውም ማድሪድ ነው። አባል አገሮች የያዙትን ዓሣ ልክ ያስታውቁታል። ነገር ግን የውሉ አባል ያልሆነ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉ መርከቦች የሚይዙት በማናቸውም መዝገብ አይገባም ነበር። መርከቡን በባሕር ላይ አሳዶ መቍጠር አይቻልም፤ ዓሣው የሚሸጥበት ገበያ፣ ከሁሉ ይልቅ የጃፓን ገበያ፣ ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1992 ሰማያዊ ክንፍ ለሚባለው ቱና፣ በ2001 ደግሞ ለሰይፍ ዓሣና ለዐይነ ትልቅ ቱና፣ ያለ ወረቀት የመጣውን ገዢው አገር እንዳይቀበል ተወሰነ። የሕንድ ውቅያኖሱም ኮሚሽን በዚያው በ2001 ለበረዶ ዐይነ ትልቅ ቱና ይህንኑ ሥርዐት ያዘ።

በወረቀቱ ላይ የመርከቡ ስምና የሰንደቅ ዓላማው አገር፣ ዓሣው የተያዘበት ውቅያኖስ፣ የተያዘበት ወርና ዓመት፣ የተያዘበት መሣሪያ፣ ሙሉ ወይም የተቈረጠ መሆኑ፣ ክብደቱም በኪሎ ይጻፋል። ላኪው ይፈርማል፤ መንግሥት አይቶ ማኅተም ያደርጋል፤ ተቀባዩም በበኩሉ ይፈርማል። ጭንቅላት፣ ዐይን፣ ዕንቍላል፣ ሆድ ዕቃና ጅራት ያለ ወረቀት እንዲያልፉ ተፈቅዷል። የኛ ሰው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እያለ የሚጠረጥረውን ጭንቅላት ደንቡ ነጻ ማውጣቱ ትንሽ አሣቀን። እንዲሁም በትልልቅ መረብ ተይዞ ወደ ቆርቆሮ ፋብሪካ የሚሄደው ዐይነ ትልቅ ቱና ከዚህ ወረቀት ነጻ ስለ ነበረ፣ በካርቱም ሱቆች የተደረደረው የቆርቆሮ ቱና ይህን ሁሉ ምርመራ አላየም።

ሽማግሌው የበለጠ ያደነቁት ግን ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። ገዢው አገር ወረቀቶቹን ሰብስቦ በዓመት ሁለት ጊዜ ለኮሚሽኑ ያስታውቃል፤ ከጥር እስከ ሰኔ መጨረሻ የገባውን እስከ ጥቅምት 1፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን እስከ ሚያዝያ 1 ቀን። ኮሚሽኑም ገዢው የተቀበለውን ሻጩ ያዝሁ ካለው ጋር ያስተያያል። «ወረቀት ይዋሻል» አሉን፤ «ሁለት ወረቀት ግን አብሮ ለመዋሸት ይቸገራል።» እንዲህም ሆኖ ማታለል አልቀረም። ከአትላንቲክ የያዙትን ዐይነ ትልቅ ቱና ከሌላ ውቅያኖስ ያመጡት አስመስለው ያስመዘገቡ የታይዋን መርከቦች ስለ ተገኙ፣ ኮሚሽኑ በ2005 ባደረገው ስብሰባ የታይዋንን የ2006 ድርሻ እጅግ ቀንሶታል።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለን። የጣና ነጭ ዓሣ ከፊሉ ዓይነት ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው አንድ ትውልድ በአንድ ሌሊት ሊያወጣ ይችላል። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ የገባው በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ጥናት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። መንግሥታችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315ን አወጣ። እኛ ግን በጠረፍ ሆነን፣ በነሐሴ የተያዘውንና በጥር የተያዘውን በአንድ ቃል ጽፈን አሳለፍን። ያ ጆንያ ከየትኛው ወር እንደ ሆነ ነጋዴው ሊያውቅ አይችልም፤ የማወቂያው ስፍራ የእኛ ጠረጴዛ ነበር።

ስንመለስ በቅጹ ላይ ሦስት መስመር ብቻ እንዲጨመር፣ ማለትም የውኃው ስም፣ የዓሣው ዓይነትና የተያዘበት ወር እንዲጻፍ አንድ ማስታወሻ አዘጋጅተን ለበላያችን አቀረብን። እርሳቸውም በትሕትና አንብበው «ገዢው ሳይጠይቅ እኛ ለምን እንጨምራለን? ቢጻፍስ ማን ያነበዋል?» አሉን። በጊዜው ተቀየምን። በኋላ ስናስበው ግን ጥያቄው ፍሬ ነበረው። የቱናው ወረቀት የሠራው ገዢው አልቀበልም ስላለና ሁለቱን ወረቀት የሚያስተያይ ሦስተኛ ወገን ስለ ነበረ ነው። በጣናና በኡምዱርማን መካከል እንዲህ ያለ ሦስተኛ ወገን አልገጠመንም። ማስታወሻችንም ከፋይል ገባ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ያን ጊዜ ያየናቸው ገበያዎች ተኵስ ዋለባቸው፤ የከተማው ሕዝብ ተበተነ። ሻይ የጋበዙን ሽማግሌ ቀድመው በሰላም ማረፋቸውን ሰምተን ነበር። የደረቅ ዓሣ ነጋዴው የሰጡን የስልክ ቍጥር ግን ከዚያ ወዲህ አይመልስም። የጦር ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ያዘ በተባለ ጊዜም ደውለን ነበር።

ከካርቱም በተነሣንበት ማለዳ እንደ ገና ወደ ሱቃቸው ሄደን አንድ ኪሎ ገዛን። ስንመዝን አንዱን ቍራጭ አንሥተን ቅርፊቱንና አጥንቱን አየንና፣ ባሕር ዳር የሚያውቁ ሰዎች እንዳሳዩን ከሆነ ነጭ ዓሣ መሆኑን ነገርናቸው። «በእናንተ ቋንቋ ስሙ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን፤ ነገርናቸው፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙን። ከዚያም መዝገባቸውን ገልጠው፣ ከኪሎውና ከዋጋው አጠገብ፣ በዓረብኛ ፊደል ቀስ ብለው «ነጭ ዓሣ» ብለው ጻፉ። ወሩን ጠየቁን። ወሩን አላወቅንም ነበር፤ ስፍራውን ባዶ ተዉት።