ባቡሩ ለምን ቆመ?

«ትልቅ ሰው ሆነህ በባቡር ትጫወታለህ?» ይህን ጥያቄ ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ በወጣቶች ክፍል ከማስተምራቸው ልጆችም ሰምቼዋለሁ። አንዳንዱ እየሳቀ ይጠይቀኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ አዝኖልኝ። መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ እጫወታለሁ፤ ጨዋታው ግን ከሥራው ሩቡን እንኳ አያህልም። አብዛኛው ሰዓቴ የሚያልፈው ባቡሩ ለምን እንደ ቆመ በመፈለግ ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁትም ስለዚሁ ፍለጋ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ከሐዲዱ አልፎ ወደ ቤታችን ገብቷል።

የሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን ባቡር በተወሰነ ልኬት አሳንሶ መሥራትና ማስኬድ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልኬት «ኤች ኦ» ይባላል፤ ሁሉም ነገር 87 ጊዜ ያንሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው በዚህ ልኬት 2 ሴንቲ ሜትር ነው። በዓለም ላይ መደበኛ የሚባለው የሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚሄደው በዚህ መደበኛ ስፋት ላይ ነው። የድሮው ምድር ባቡር ግን ጠበብ ያለ ነበር፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ብቻ ነው። እሱን በዚሁ ልኬት መሥራት የሚፈልግ ሰው ሌላ ዓይነት፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ያስፈልገዋል።

ያ የድሮ መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 87 ጊዜ ብናሳንሰው እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። «ይህን ማን ቤቱ ውስጥ ያስገባዋል?» ትሉ ይሆናል። ጀርመን ውስጥ፣ ሃምቡርግ ከተማ፣ መንትያ ወንድማማቾች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት «ሚኒያቱር ቩንደርላንድ» የሚባል የሞዴል ባቡር ትርኢት አለ። እዚያ የተዘረጋው ሐዲድ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእኔ ግን አንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ያለቀ ነው፤ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22። ሰርቪስ ክፍላችን ውስጥ ከጤፍ ማዳበሪያው አጠገብ ቆሟል።

ባቡሩንና ሐዲዱን ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ካገለገለ ዕቃ ገዝቶ ላከልኝ። የቀረው እዚሁ የተገኘ ነው። ተራራው በካርቶንና በአሮጌ ጋዜጣ ተወጥሮ በጄሶ ተለሰነ። ሣሩ ከእንጨት ቤት ያመጣሁት ሰጋቱራ ነው፤ በአረንጓዴ ቀለም ነክሬ አድርቄ በኮላ አጣበቅሁት። ሐዲዱ ሲገጠም መጋጠሚያዎቹ ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት መተው አለበት፤ ምክንያቱም ሥሩ ያለው እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ክፍተት ያልተተወለት ሐዲድ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትራንስፎርመሩ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያወርደዋል። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ጎማዎቹ ከሁለቱም ወስደው ለሞተሩ ያቀብላሉ። ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ስታገላብጡት ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ሐዲዱ ዞሮ መልሶ ራሱ ላይ የሚገባ ከሆነ ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ጋር ይገናኝና ሾርት ያደርጋል፤ እዚያ ጋ ሁለቱንም ሐዲዶች ቆርጦ መለየትና ለዚያ ክፍል የራሱን ማብሪያ ማበጀት ግድ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው ልምጣ። ባቡር ሲቆም ወይም ከሐዲድ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ችግሩ ከባቡሩ ጋር ይሄዳል ወይስ ቦታው ላይ ይቀራል? አንድ ፉርጎ የትም ቦታ ከሐዲድ የሚወጣ ከሆነ ፉርጎውን ገልብጣችሁ ጎማውን እዩ። ሁሉም ፉርጎ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ግን ፉርጎውን ተዉትና ቦታውን መርምሩ። በሞተሩም እንዲሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሞት ባቡር ብዙ ጊዜ ራሱ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ደንብ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር ነካክታችሁ ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ነገ ደግሞ ሲቆም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ሦስተኛው፦ ከቀላሉ ጀምሩ። የአዲስ አበባ አቧራ ሐዲዱ ላይ ሲጋገር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል ነክሮ ሐዲዱንም ጎማውንም መጥረግ አብዛኛውን ችግር ይፈታል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ለጊዜው ያስደስታል፤ የሚተወው ጭረት ግን ቆሻሻውን ይበልጥ ይይዛል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ ደግሞ ጨርሶ አይነካም፤ ብናኙን የሞተሩ ማግኔት ይስበዋል። ከጽዳቱ በኋላም ካልሄደ ቴስተር ይዞ ሐዲዱን ቁራጭ በቁራጭ መለካት ነው። ትራንስፎርመሩ አጠገብ 12 ቮልት፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 7፣ ማዶ ላይ ምንም። በየመጋጠሚያው እየላላ፣ ኃይሉ በመንገድ አልቋል ማለት ነው። መፍትሔው ከሥር ሌላ ሽቦ አምጥቶ ያንን ሩቅ ሐዲድ በቀጥታ መበየድ ነው።

አባቴ ድሬዳዋ በባቡር ወርክሾፕ ለብዙ ዓመታት መካኒክ ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ወደ እኛ ቤት መጡ። ድሬዳዋ ላይ ከቤት እስከ ገበያ ሲሄዱ አሥር ሰው ያስቆማቸው ነበር፤ እዚህ የሚያስቆማቸው የለም። ቀስ በቀስ ዝም አሉ። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ደህና»፤ «ምን ልሥራልዎ?» ስትላቸው ባለቤቴ «የተገኘውን»። ዘመድ ሁሉ የየራሱን ስም አወጣለት፦ እርጅና ነው፣ ኩርፊያ ነው፣ ባሕርይ ነው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው፤ ጤነኛ ናቸው ተባልን። ጸለይን። ዝምታው ግን እንዳለ ነበር፤ ልጆቼ አያታቸውን ማለፍ ለመዱ፣ ልክ እንደ ሶፋው።

አንድ ቅዳሜ ቡና መድረሱን ሊነግሩኝ ወደ ሰርቪስ ቤቱ መጡ። በር ላይ ቆመው ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ «ውኃው በየት ያልፋል?» አሉኝ።

«አባባ፣ እዚህ ዝናብ የለም» አልኋቸው።

«ዝናብ የሌለበት ሐዲድ አላውቅም» አሉና ገቡ።

ቡናው ቀዘቀዘ። እንደ ደቻቱ ያለ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚመጣ ነገሩኝ። ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር ለውበት ሳይሆን ክብደቱን እንዲሸከምና ውኃው እንዲያልፍ መሆኑን፣ ውኃ መውጫ ያጣ አፈር ባቡር እንደማይሸከም አስረዱኝ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄን አስከትለው ያለቁ የቢክ እስክሪብቶዎች ለቃቀሙ። ቀፎውን ቆራርጠው ሦስት ቦታ ላይ ከሐዲዱ ሥር ቱቦ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ የሚቆመውን ባቡር የምንፈልገው አብረን ነው። መብራት ጠፍቶ ባቡራችን መንገድ ላይ ሲቀር «የእኛዎቹ ናፍጣ ነበር የሚጠጡት፤ መብራት ኃይልን አይለምኑም» ብለው ይስቃሉ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ልላችሁ አይደለም። ዛሬም ቀኑን ሙሉ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። ድሬዳዋም እናቴም አልተመለሱም። ነገር ግን እኛ ሁላችን ሞተሩን ስንመረምር እንደ ነበር ገባኝ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ የቆመው ኃይል የማይደርስበት ሐዲድ ላይ ነው። ዕውቀታቸውን የሚጠይቃቸው ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ እኒያ ሰው ምን ያውሩ?

ለወጣቶች ክፍል ስናገርም ይህ ነገር አይለቀኝም። አንድ ልጅ ከኅብረት ሲጠፋ ስም ለማውጣት እንፈጥናለን፦ ቀዝቅዟል፣ ተለውጧል። ምናልባት ነው። ግን ሌላውም ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወይም ሥራ በፈታ ሰሞን፣ መመርመር ያለበት ልጁ ብቻ አይደለም። ማን ነው እዚያ ሩቅ ቦታ ድረስ ሽቦ የዘረጋለት?

«ይህ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ለሚሉኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ የሞዴል ባቡር ክበብ እንዳለ ልነግራቸው እችላለሁ። ከጠረጴዛው ሥር ሽቦና የስልክ ሬሌ ሲያገናኙ ያደሩ አባላቱ ናቸው በግቢው ውስጥ ከነበሩት ቀደምት ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጠው ፕሮግራም ከጻፉት መካከል፤ «ሃከር» የሚለው ቃልም በዚያ ክበብ ቋንቋ ውስጥ ያደገ ነው። የእኔ መልስ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። እኔን የጠቀመኝ ከመፍረድ በፊት መለካትን ስላለማመደኝ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ውድ ነገር አትመኙ። አንድ ዙር ሐዲድ፣ አንድ ባቡር፣ ሁለት ፉርጎ ይበቃል። እሱም ካልተገኘ ጣቢያውንና ድልድዩን በካርቶን ሥሩ፤ በ87 እያካፈላችሁ ልኬቱን መጠበቅ በራሱ ትምህርት ነው። እኛ አሁን የአዋሽን ድልድይ ጀምረናል። አባቴ በ12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ካልሆነ አይሆንም ብለው ስለ ጸኑ፣ የአክስቴ ልጅ እስኪልክልን ድረስ ድልድዩ ያለ ሐዲድ ቆሟል። ቅዳሜ ከሰዓት መምጣት የሚፈልግ በሩ ክፍት ነው፤ አስቀድማችሁ ግን አባቴን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።