የነጻ ጨዋታዎች ዋጋና ዋጋውን የሚከፍሉት ጥቂቶች

ዛሬ በእጅ ስልክ የሚዘወተሩት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚወርዱ ሲሆኑ፣ ሠሪዎቻቸው ገቢ የሚያገኙት በመካከል ከሚያሳዩት ማስታወቂያና ተጫዋቹ ከገባ በኋላ በጨዋታው ውስጥ ከሚፈጽማቸው ትንንሽ ግዢዎች ነው። «የውስጠ መተግበሪያ ግዢ» የሚባለው ይህ አሠራር የተስፋፋው በአጭር ጊዜ ነው። አፕል የመተግበሪያ መደብሩን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፍት የሚሸጥ ጨዋታ ሁሉ ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎበት ይቀርብ ነበር፤ በ2009 ግን በመጀመሪያ በሚከፈልባቸው መተግበሪያዎች፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ደግሞ በነጻዎቹም ውስጥ መሸጥ ስለተፈቀደ የክፍያው ቦታ ከመግቢያው ወደ ውስጥ ተዛወረ። ለውጡ የቴክኒክ ጉዳይ ቢመስልም የሥነ ምግባር ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ቀድሞ ገዢው የሚከፍለውን ልክ አውቆ አንድ ጊዜ ይወስን የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን ወሰን በሌለው ግዢ ላይ፣ ያውም ጨዋታው ስሜቱን ካነሣሣው በኋላ፣ ደጋግሞ እንዲወስን ይጠየቃል።

ጨዋታ መሥራት የብዙ ሰው ድካም የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ሠሪው መከፈሉ ተገቢ ነው፤ ክርክሩ በዚህ ላይ ሊሆን አይገባም። መመርመር ያለበት የገዢው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ማለት ሰው የሚገዛውን ነገር፣ ዋጋውንና ባይገዛው የሚቀርበትን አውቆ በረጋ መንፈስ የሚሰጠው እሺታ ከሆነ፣ ከፍተኛ ገቢ ከሚያስገቡት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁኔታዎች ቢያንስ አንዱ እንዲጓደል ታስቦባቸው የተቀረጹ ናቸው።

የመጀመሪያው ስልት ጥበቃን መሸጥ ነው። የፊንላንዱ ሱፐርሴል ኩባንያ በ2012 ባወጣው ክላሽ ኦፍ ክላንስ ተጫዋቹ መንደር ይገነባል፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ግንባታ በሰከንዶች ያልቃል፣ ደረጃው ከፍ ሲል ግን ቀናት ይፈጃል፣ ይህን ጥበቃ የሚያሳጥረው አረንጓዴ ዕንቁም በገንዘብ ይሸጣል። በዚያው ዓመት የወጣው የኪንግ ኩባንያ ካንዲ ክራሽ ሳጋ ደግሞ ለተጫዋቹ አምስት «ሕይወት» ሰጥቶ እያንዳንዱን በ30 ደቂቃ ይተካል፤ ጥቂት ከረሜላ ብቻ ሲቀረው እንቅስቃሴው ላለቀበት ተጫዋችም እዚያው፣ ቁጭቱ ሳይበርድ፣ አምስት ተጨማሪ እንቅስቃሴ በወርቅ አሞሌ እንዲገዛ ይጠይቀዋል። በሁለቱም ዘንድ የሚሸጠው ሠሪው ራሱ ካስቀመጠው መሰናክል መገላገል ነው፤ ነገሩ በመንገድ ላይ ድንጋይ ደርድሮ ድንጋዩን ለማንሣት ክፍያ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። የአሠራሩ ጠበቆች መሰናክል የሌለው ጨዋታ የለም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ገበጣም ሆነ ቼዝ ያለ ችግር አይጣፍጥም። ነገር ግን ችግሩ ለጨዋታው ጣዕም የተቀመጠ ከሆነ በገንዘብ ማስነሣት ጨዋታውን ያበላሸዋል እንጂ አያሻሽለውም። ሠሪው ማስወገጃውን በዋጋ ማቅረቡ ችግሩ ለምን እንደተቀመጠ ራሱ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ስልት ዋጋን በምናባዊ ገንዘብ መሸፈን ነው። ምናባዊ ገንዘብ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ብቻ የሚያገለግል፣ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ፣ ተመልሶ ግን የማይመነዘር መገበያያ ነው። በ2020 የወጣው የቻይናው ሚሆዮ ኩባንያ ጨዋታ ጄንሺን ኢምፓክት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ተጫዋቹ በዶላር «ጄነሲስ ክሪስታል» ይገዛል፣ ክሪስታሉን ወደ «ፕሪሞጌም» ይለውጣል፣ በ160 ፕሪሞጌም አንድ የዕድል መሞከሪያ ያገኛል፣ ሙከራው ደግሞ ከፍተኛውን ደረጃ ያለው ገጸ ባሕርይ የማስገኘት ዕድሉ በመሠረቱ 0.6 በመቶ ነው፤ ዕድል የከዳው ሰው በ90ኛው ሙከራ አንድ ባለ ከፍተኛ ደረጃ እንዲያገኝ የተረጋገጠለት ቢሆንም፣ እሱ የሚመኘው መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠለትም። በዚህ ሁሉ ምንዛሪ መካከል አንድ ሙከራ በዶላር ስንት እንደሆነ በቃል ማስላት ለአዋቂም አድካሚ ነው፣ ለ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 የጨዋታውን አሳታሚ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ባስማማው ስምምነት ውስጥ ዕድሉ በቀጥታ በእውነተኛ ገንዘብም መገዛት እንዲችል፣ የምንዛሪው ልክ እንዲገለጽ፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሸጥ ማስገደዱ ችግሩ የት እንዳለ በትክክል ያመለከተ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ዕድልን ራሱን መሸጥ ነው። በምዕራቡ ዓለም «ሎት ቦክስ»፣ በጃፓን «ጋቻ» የሚባለው የዕድል ሳጥን ተጫዋቹ ከፍሎ የሚከፍተው፣ ውስጡ ያለውን ግን ከከፈለ በኋላ ብቻ የሚያውቀው ሽያጭ ነው፤ የጃፓንኛው ስም የመጣው ሳንቲም ሲገባባቸው በዘፈቀደ አሻንጉሊት ከሚያወጡ ማሽኖች ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ሽልማት የተለመደ ድርጊት ሽልማቱ ከተቋረጠ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሳይተው ይቀጥላል፤ የቁማር ማሽን የቆመው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው፣ የዕድል ሳጥኑም እንዲሁ። ዴቪድ ዜንድልና ፖል ኬርንስ በ2018 ያሳተሙት ጥናት ለዕድል ሳጥን ብዙ የሚያወጡ ተጫዋቾች የቁማር ችግራቸውም የከበደ መሆኑን አግኝቷል። ሳጥኑ ችግሩን ይፍጠር ወይስ ችግር ያለበትን ሰው ይሳብ በእንዲህ ያለ ጥናት አይለይም፤ ለሥነ ምግባር ፍርድ ግን ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ ሁለተኛው ሠሪው ከሰው ድክመት ገቢ ያገኛል ማለት ነውና።

መንግሥታት የሰጡት ምላሽ ወጥ አይደለም። የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ ኤጀንሲ በ2012 በዘፈቀደ የሚወጡ ዕቃዎችን ስብስብ ያሟላ ብቻ ብርቅዬ ሽልማት የሚያገኝበትን «ኮምፑ ጋቻ» ሕገ ወጥ ነው አለ፤ የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በሚያዝያ 2018 በተወሰኑ ጨዋታዎች ያሉትን የዕድል ሳጥኖች ቁማር ናቸው ሲል፣ በኔዘርላንድስ ግን በኤሌክትሮኒክ አርትስ ላይ ተጥሎ የነበረው የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት በ2022 በከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ተሽሯል። የሕግ ክርክሩ የሚያጠነጥነው የተገኘው ዕቃ በገንዘብ ይመነዘራል አይመነዘርም በሚለው ላይ ነው። ይህ ለዳኛ አስፈላጊ ጥያቄ ይሆን ይሆናል፤ ተጫዋቹ ያወጣው ገንዘብ ግን እውነተኛ ስለሆነ፣ ያገኘው ነገር አለመሸጡ ጉዳቱን ያባብሰው እንደሆን እንጂ አይቀንሰውም።

የዚህ ንግድ የሥነ ምግባር እምብርት ያለው በገቢው ክፍፍል ውስጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ኪንግ በ2014 ለአክሲዮን ገበያ ሲቀርብ ባወጣቸው አኃዞች መሠረት በየወሩ ከሚጫወቱት 100 ሰዎች የሚከፍሉት አራት ያህል ብቻ ነበሩ። ከከፋዮቹም መካከል የገቢውን ትልቅ ድርሻ የሚሸከሙት ጥቂቶች ናቸው፤ የዘርፉ ሰዎች እነዚህን ከቁማር ቤቶች በተወሰደ ስም «ዓሣ ነባሪ» ይሏቸዋል። እንግዲህ ብዙኃኑ ሳይከፍሉ የሚጫወቱት የእነዚህ ጥቂቶች ኪስ ስለሚሸፍንላቸው ነው። ጥቂቶቹ ሁሉ ባለጸጎች ቢሆኑ ነገሩ ሀብታም ለድሃ እንደሚከፍልበት መልካም ሥርዓት ሊቆጠር ይችል ነበር፤ ከእነሱ መካከል ግን ማቆም ያቃታቸው፣ ብቸኝነት የጫናቸው፣ የቤታቸውን ወጪ ለጨዋታ ያዋሉ ሰዎች አሉ። ኩባንያው ማን በየትኛው ሰዓት፣ ከስንት ሽንፈት በኋላ፣ ስንት እንደሚከፍል መዝግቦ ስለሚይዝ ራሱን መግታት ያቃተውን ሰው ለመለየት የሚያስፈልገው መረጃ በእጁ አለ፤ ያንን መረጃ ሰውየውን ለማስቆም ሳይሆን ልዩ ቅናሽ ለመላክ ሲጠቀምበት ግን ቸልተኛ ብቻ ሊባል አይችልም። እንዲህ ባለው ጨዋታ ምንም ሳይከፍል የሚደሰተው ሰውም ደስታው በማን ወጪ እንደቆመ መጠየቅ ይገባዋል።

የልጆች ጉዳይ ተጨማሪ ክርክር የሚያስፈልገው አይመስልም፤ በአሜሪካ የታየው ግን መጠቀስ አለበት። አፕል በጥር 2014 ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች ለመመለስ የተስማማው፣ ወላጅ የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ ካስገባ በኋላ ልጁ ለ15 ደቂቃ ያለ ገደብ መግዛት እንደሚችል ሳይነገረው በመቅረቱ ነበር፤ በዚያ ክስ ውስጥ የአንዲት እናት ልጅ በአንድ የእንስሳት ሆቴል ጨዋታ 2,600 ዶላር ማውጣቷ ተመዝግቧል። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ደግሞ በታኅሣሥ 2022 በሁለት ስምምነቶች በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል፤ ከዚህ 245 ሚሊዮኑ ላልፈለጉት ግዢ ለከፈሉ ሰዎች የሚመለስ ነበር። የፎርትናይት ነገር በተለይ የሚያስተምረው ጨዋታው በዋናው መስኩ የሚሸጠው ልብስና ጌጥ እንጂ የማሸነፊያ ኃይል ባለመሆኑ በዘርፉ እንደ ጨዋ ምሳሌ ይጠቀስ ስለነበር ነው፤ እንዲያም ሆኖ የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን እንዳለው አንዲት አዝራር ስትነካ ሳያስቡት ግዢ እንድትፈጽም ተደርጋ ተቀምጣ ነበር፣ ክፍያውን በባንካቸው በኩል የተቃወሙ ደንበኞችም መለያቸው ይዘጋባቸው ነበር። ተጠቃሚውን ወዳልፈለገው ውሳኔ የሚመራ እንዲህ ያለ አቀራረብ «ዳርክ ፓተርን» ይባላል፤ አንድ ዕቃ በራሱ ንጹሕ ቢሆንም አሻሻጡ በደል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ለአሠራሩ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ነጻ ጨዋታ ለድሃ በር ይከፍታል የሚለው ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ያለ ወጣት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ብዙውን ጊዜ ስለሌለው፣ ዋጋው አስቀድሞ የሚጠየቅ ጨዋታ ከደጅ ይመልሰው ነበር። በነጻው ግን ከመላው ዓለም ጋር እኩል ይገባል፣ ገንዘብ ባይከፍልም ማስታወቂያ እያየ ጊዜውንና የገዛውን የኢንተርኔት ጥቅል ይከፍላል። ሆኖም ዋጋዎቹ የተተመኑት በዶላር አቅም ነው፤ በብዙ ጨዋታዎች ከፍተኛው ጥቅል 99.99 ዶላር ሲሆን፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው። በሩ ለድሃው መከፈቱ እውነት ቢሆንም፣ ውስጡ የተሠራው ግን እሱን አስቦ አይደለም።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ሁኔታው ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ ካርዱ ከስልኩ ጋር ተያይዟል፣ ወላጅ ረጅም ሰዓት ሥራ ላይ ነው፣ የስልኩን ቅንብር በባዕድ ቋንቋ አንብቦ የሚያስተካክለውም ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ነው። አፕልና ጉግል ግዢ በወላጅ ፈቃድ ብቻ እንዲፈጸም የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ነገር ግን ጥበቃውን ፈልጎ ማግኘት የወላጅ ግዴታ ሲሆን ሸክሙ የሚያርፈው ለመሸከም አቅም ባነሰው ሰው ላይ ነው። ሚዛናዊ የሚሆነው ግዢው ተዘግቶ እንዲጀምርና ወላጅ ሲፈልግ እንዲከፍተው፣ በእያንዳንዱ አዝራር ላይ ዋጋው በእውነተኛ ገንዘብ እንዲጻፍ፣ የወር ጣሪያ እንዲኖር፣ የዕድል ሳጥንም ለልጆች ጨርሶ እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ስለሚለው፣ ጥበቃው የሚቆምበት መሠረት አለ። ነገር ግን ደንብ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ስለ ስፖርት ውርርድ ቤቶች ክርክር የተነሣው በየሰፈሩ ከተስፋፉ በኋላ ነበር። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል እየተለመደ ነው፤ የጨዋታዎቹ መደብሮች የአገር ውስጥ ክፍያን መቀበል ሲጀምሩ ዛሬ ልጆችን በከፊል የሚጠብቀው የካርድ እጥረት ያበቃል፣ ስለዚህ ለአካለ መጠን ላልደረሱ የሚሸጥ የዕድል ሳጥንን የሚመለከተው ደንብ ከዚያ ቀን በፊት ተረቅቆ መገኘት አለበት።