አራተኛው ሰው

አርሲ ተወልዶ «ሯጭ ነበርኩ» የሚል ሰው ወዲያው «የት አሸነፍክ?» ይባላል። አሰላ ኃይሌን፣ በቆጂ ደግሞ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ካወጡ በኋላ ጥያቄው አይገርምም። እኔ የብሔራዊ ቡድን ደጃፍ ሳልረግጥ በክለብ ደመወዝ የሮጥኩ ነኝ። እንደኔ ያለው ከሻምፒዮኑ ይበዛልና ለሚመጡት ልጆች የምለው አላጣም።

ክለብ መሥሪያ ቤት መሆኑን ቶሎ ዕወቁ። መከላከያ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ንግድ ባንክ፤ በእኔ ጊዜ ስማቸው ራሱ ይናገር ነበር። ደመወዝ ወር ጠብቆ ይገባል፣ ለቤተሰብም ይተርፋል። ውሉ ግን ማለቂያ አለው። ጉዳት ላይ ሳላችሁ ቢያልቅ ምን እንደሚከተል ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ ፈልጉ፤ በቃል የተነገራችሁን እርሱት።

የጃንሜዳውን አገር አቋራጭ ውድድር ረዘም አድርጌ ላውራ። በአገር አቋራጭ የቡድን ውጤት የሚሰላው ሯጮቹ የገቡበትን ደረጃ በመደመር ነው፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። አራት ሰው ይቆጠራል እንበል። አንዱ ክለብ 2ኛ፣ 5ኛና 9ኛ አስገብቶ አራተኛው ሰው 60ኛ ቢወጣበት ድምሩ 76 ነው። ከ15ኛ እስከ 18ኛ ተከታትለው የገቡለት ክለብ 66 ይዞ ዋንጫውን ይወስዳል፤ ከመጀመሪያዎቹ አስር ውስጥ አንድም ሰው ሳይኖረው! እኔ ብዙውን ጊዜ ያ አራተኛ ነበርኩ። ካሜራ እኛ ጋ አይደርስም። በመጨረሻው ዙር ሳንባ ሲቃጠል አሠልጣኙ ከገመዱ ማዶ እየሮጠ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ እለፍ!» ይላል። ያቺ አንድ ሰው አንድ ነጥብ ናት። ከፊት ያለውን ማሊያ ቀለም አይቶ የተፎካካሪ ክለብ መሆኑን መለየትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ያንን ስታልፉ የእናንተ ድምር አንድ ሲቀንስ የእነሱ አንድ ይጨምራልና።

ጫካ ውስጥ ስትለማመዱ ተራ ጠብቃችሁ ምሩ። ባሕር ዛፉ መሀል በሰልፍ ስንሮጥ የኋላው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ተረከዝ ብቻ ነው፤ ጉቶና ጉድጓድ በእጁ የሚያመለክተው መሪው ነው። ሁልጊዜ ከኋላ እየተጎተተ ለውድድር ጉልበት የሚቆጥብን ልጅ ቡድኑ ያውቀዋል፤ ባይናገረውም።

ሰዓት ላይ አትጨነቁ፣ ቢያንስ እዚህ። አዲስ አበባ ስታዲየም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ኦክስጅኑ ስስ ነው፣ በረጅም ርቀት ጥሩ ሰዓት አይሰጥም። ቀነኒሳ እንኳ 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 የሮጠው ብራስልስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። ማናጀር ግን ቁጥር ነው የሚያየው። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ መፍትሔም አላገኘሁለትም።

ሰዓት ቢኖራችሁም ከፊታችሁ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ስለሺ ስህንን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ፣ በ2008 ደግሞ ቤጂንግ፣ በ10 ሺህ ሜትር ሁለቱንም ጊዜ ብር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፊቱ ቀነኒሳ። በሌላ ዘመን ቢወለድ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ።

ክለብ ስትመርጡ ከፊርማው ብር ይልቅ ከሩጫ በኋላ ምን ሥራ እንዳለው ጠይቁ። ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ የምንላቸው ማዕረግ ለሚሰጥ ክለብ ስለሮጡ ነው። በእንዲህ ያለ ክለብ የነበሩ ጓደኞቼ ጫማ ከሰቀሉ በኋላም ደመወዝተኛ ናቸው። የእኔ ክለብ ማዕረግ አልነበረውም፤ እየሮጥኩ የማታ ትምህርት ባልጨርስ ኖሮ አሰላ ተመልሼ የምይዘው ሥራ አይኖረኝም ነበር።