ልጅ ይዞ ወደ ድሬ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ያዙን ልቀቁን ይላሉ። የማውቃቸው ባልና ሚስት የአምስትና የሁለት ዓመት ልጆቻቸውን ድሬዳዋ ሊወስዱ አስበው፣ በመኪና ነው በባቡር በሚል ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። እሱ «በመኪና በአንድ ቀን ጥርግ ነው» ይላል። መንገዱ እኮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው! ከአዋሽ ወዲያ ያለው የአሰበ ተፈሪ ጠመዝማዛ ደግሞ አዋቂንም ያዞራል። እሷ የትንሿን ማስመለስ ታውቃለች።

በመጨረሻ መሄጃው በባቡር፣ መመለሻው አዋሽ አድሮ በመኪና ሆነ። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ልጅ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ መተሐራ ላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመስኮት ያያል። ብቻ ለገሃር ሄዳችሁ እንዳትቆሙ! ጣቢያው ለቡ ነው። ድሬም ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚያወርድ የሚቀበላችሁ ሰው ቀድማችሁ አናግሩ። ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ፣ ለንግሡ ካልሆነ በዚያ ሰሞን መንገድ አትጀምሩ።

ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችኋልና ሹራቡን አውልቃችሁ ውኃ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው። የወባ ትንኝ ስላለም አጎበር ያዙ፤ ሆቴሉ አለው ብላችሁ አትተዉት።

የነዚያ ባልና ሚስት ትንሿ ልጅ በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት፣ ዓይኗ ጎደጎደ። እናት ከቦርሳዋ ኦአርኤስ አውጥታ በማንኪያ እያጠጣች ክሊኒክ አደረሰቻት። ያን ቦርሳ «ምን ያግተለትልሻል» ብሎ ያሾፈው ባል ሲመለሱ ራሱ ተሸከመው።