የቤንዚን ሽታ ሲመጣ መጀመሪያ ምንጩን

የሞተር ጀልባ ካላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰማ አባባል አለ፤ «ጀልባ እኮ ነው፣ ትንሽ ቤንዚን ቢሸት ምን አለበት?» እኛም ጀልባችንን ስንገዛ ሻጩ የነገረን ይህንኑ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። ሞተሩ ውስጡ በተገጠመ ጀልባ ላይ የቤንዚን ሽታ የጀልባ ጠባይ አይደለም። የሆነ ቦታ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

የምንኖረው ሲያትል ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጋራ የገዛናት ጀልባ ርዝመቷ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ስትሆን ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለካርቡሬተር የቤንዚን ሞተር አላት። በሞቃቱ ወራት ሁለቱም ቤተሰብ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ይዝናናባታል።

አማቴ ከሀዋሳ ለጥየቃ የመጡ ጊዜ ሐይቁን ልናሳያቸው ተነሳን። እሳቸውም ጀበናቸውን፣ እጣናቸውንና ትንሽ ከሰል አንጠልጥለው መጡ። ጓደኛዬ ጠዋት ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ እየጠበቀን ነበር። ባለቤቴ ገና እግሯን ከማሳረፏ «ቤንዚን ይሸታል» አለች። ጓደኛዬ ምንም አልሸተተውም። ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ የሰው አፍንጫ አንድን ሽታ ደጋግሞ ሲያገኘው ይደክምና መለየቱን ይተዋል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ዘግይቶ የመጣውን ሰው ማመን ይሻላል።

ልጆቹን አወረድን፤ ጉዞው ቀረ። አማቴ ግን አልገባቸውም። «ልጄ፣ ያለነው ውሃ ላይ ነው። እሳት ቢነሳ እንኳ ውሃው ያጠፋው የለም?» አሉኝ። «አይ እማዬ፣ የቤንዚን እሳት ውሃ አያጠፋውም» አልኳቸውና ቡናው ዳር ላይ፣ ከጀልባው ርቆ ሣሩ ላይ ተፈላ። ሙሉውን መልስ ግን እዚህ ልስጥ።

ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ላይ ተንሳፎ ይነዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ተኑ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። መኪና ቢያፈስ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ተኑ በነፋስ ይበተናል። ጀልባ ግን ውሃ እንዳያስገባ እንደ ድስት ድፍን ሆኖ ስለሚሠራ የወረደው ተን መውጫ የለውም። ከወለሉ ሥር፣ ሞተሩ በተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በዚያ አየር ውስጥ ተኑ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተን አይሰጥም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድም ይሰጣል። ለዚህ ነው በአሜሪካ ቤንዚን የሚጠቀሙ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የአየር ማስወጫ ማራገቢያውን ለ4 ደቂቃ አሠሩ፣ ተን መኖሩንም አጣሩ የሚል ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍባቸው። ማራገቢያው ግን የተጠራቀመ ተን ያስወጣል እንጂ የሚያፈስ ቱቦ አይጠግንም።

የሞተሩን ክዳን ከፍተን ለሰዓታት አናፈስነው። እስከዚያ ድረስ አንድም የኤሌክትሪክ ማብሪያ አልነካንም። ስልኮቻችንን ዳር ትተን፣ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ፍለጋ ጀመርን።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራም ሲበላሽ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምኑን ልቀይር?» ሳይሆን «ችግሩ የሚከሰተው መቼ ነው?» የሚል ነው። ጓደኛዬን ይህንኑ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ሽታው የሚበረታው ታንኩ በተሞላ ሰሞን መሆኑን፣ ግማሽ ሲደርስ ግን እንደሚጠፋ፣ ሞተሩ ቢሠራም ባይሠራም ለውጥ እንደሌለው ነገረኝ። ይህች መረጃ የፍለጋውን ግማሽ ጨረሰችልን። የሚያፈሰው በፓምፑና በካርቡሬተሩ በኩል ቢሆን ሽታው ሞተሩ ሲሠራ በባሰ ነበር። ታንኩ ሲሞላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ቀዳዳው ያለው ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ወይ መሙያው ቱቦ፣ ወይ የመተንፈሻው ቱቦ፣ ወይ ታንኩ አናት ላይ ያለው የነዳጅ ጌጅ ጓርኒሲዮን።

ሆኖም ጥርጣሬ ማስረጃ ስላልሆነ ሌላውንም አንድ በአንድ አየን። የጀልባ የነዳጅ ፓምፕ ከመኪናው የሚለይበት አንድ ብልሃት አለው። የውስጡ ላስቲክ ቢቀደድ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ካርቡሬተሩ በምትሄድ ብርሃን አሳላፊ ቀጭን ቱቦ ይገባል። ቱቦዋ ውስጥ ቤንዚን ከታየ ፓምፑ አልቆለታል ማለት ነው። የእኛዋ ደረቅ ነበረች። ካርቡሬተሩም ደረቅ ነው። ቀጥለን ነጭ ጨርቅ ቆራርጠን ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ አንድ መደብን። እያንዳንዱን በጨርቁ ጠርገን፣ ከጀልባው ርቀን እናሸተው ነበር። ስድስቱ ንጹሕ ነበሩ። ሰባተኛው፣ የመሙያው ቱቦ ታንኩን የሚያገኝበት ቦታ፣ ቤንዚን ቤንዚን አለ። ለማረጋገጥ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አስቀምጠን አደርን፤ ጠዋት ረጥቦ አገኘነው።

ቀጥሎ ያገኘነው ግን ያላሰብነው ነበር። ቱቦው አልተሰነጠቀም፤ ፋሸታውም በደንብ ጠብቋል። ነገር ግን ከቱቦውና ከታንኩ አንገት መካከል አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቆንጥጣ ገብታለች። የሽቦዋ ሥራ ጠቃሚ ነው፤ ቤንዚን ሲቀዳ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ብልጭታ እንዳይሆን የመሙያውን ክዳን ብረት ከታንኩ ጋር ታገናኛለች። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ሽቦዋን በዊንጭ ከማሰር ይልቅ ቱቦው ሥር ሸጉጦ አጥብቆባታል። ፋሸታው የቱንም ያህል ቢጠብቅ በሽቦዋ ዳርና ዳር የፀጉር ያህል ክፍተት ይቀራል። ታንኩ ሲሞላ ቤንዚኑ እስከዚያ ይደርስና በክፍተቷ ይንጠባጠባል። የአሜሪካ የጀልባ ደንብ ሽቦዋ በቱቦና በአንገት መካከል እንዳትቆነጠጥ በቀጥታ ይከለክላል። ደንቡን ሳነብ፣ ይህች አንዲት መስመር ያለ ምክንያት እንዳልተጻፈች ገባኝ።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። በመጀመሪያ የጀልባ ማቆሚያው መካኒክ በራሱ መሣሪያ ከታንኩ ላይ የተወሰነውን ቤንዚን ቀዳልን። ይህን ሥራ ባለሙያ ላልሆነ ሰው አልመክርም። ከዚያ ቱቦውን አውጥተን ለጀልባ ቤንዚን የተሠራ አዲስ ቱቦ ገጠምን። ሽቦዋን ለእሷ በተዘጋጀው የታንኩ ጆሮ ላይ በዊንጭ አሰርናት። ቱቦውን በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት የማይዝግ ፋሸታ አደረግንለት። በዚያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውንም ቱቦ ቀየርን፤ የተሠራበት ዓመት ላዩ ላይ ታትሟል፣ 1998 ይላል። ዛሬ የሚሸጠው ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት እንዲህ ያረጀ ጎማን ይጎዳል። አዲሱ ኤ1 የሚል ምልክት አለው፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል እሳት እንዲቋቋም የተፈተነ ዓይነት ማለት ነው። የመኪና ቱቦ ርካሽ ነው፣ ግን ይህን ፈተና አላለፈም። ሞተሪኖና ዲናሞም እንደዚሁ ናቸው፤ የጀልባዎቹ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ የመኪና አምጥቶ መግጠም አደጋ አለው።

በእኛ ሙያ የራስህን ሥራ ሌላ ሰው ሳያየው አይለቀቅም። ስለዚህ መካኒኩ ሁሉንም በእጁ ዳሶ አየልን። ከዚያ ታንኩን ሞልተን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ አንድ ሌሊት አሳደርናት። ጨርቁ ደረቅ ነበር። ባለቤቴም መጥታ አሸተተች። እሷ «ምንም የለም» ካለች በኋላ ነው ልጆቹ የገቡት።

እናንተ ጀልባ ባይኖራችሁም በእረፍት ቀን ተከራይታችሁ ወይም ወዳጅ ጋብዟችሁ መሳፈራችሁ አይቀርም። ቤንዚን ከሸተታችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም ሲባል ግን ዝም በሉ ማለት አይደለም። ልጆቹን ይዛችሁ ውረዱ፤ ባለቤቱን «ማራገቢያው ስንት ደቂቃ ሠራ? ሽታው ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤንዚን ሲቀዳ ሰው ሁሉ ይውረድ፤ መስኮትና ክዳን ይዘጋ፣ ተቀድቶ ሲያበቃ ሁሉም ተከፍቶ ይናፈስ። ሽታውን በሽቶ መሸፈን ምልክቱን ማጥፋት ነው። ከሰልና እጣን ደግሞ፣ ጀልባው ምንም ባይሸትም፣ ዳር ይቅሩ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ የእኛ ጥገና ያስፈለገው አንድ ቱቦ፣ ጥቂት ፋሸታና አንድ ዊንጭ ብቻ ነበር።