ሃምሳ አለቃው አጎቴ

ባለፈው እትም በሐዘን ማስታወቂያ ዓምድ ላይ የአጎቴ ዕረፍት በሁለት መስመር ወጥቶ ነበር። ስማቸውና የቀብሩ ሰዓት ብቻ። ለማስታወቂያ ይበቃል፤ እሳቸውን ለሚያውቅ ግን አይበቃም። እዚህ ካኩማ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም «ሃምሳ አለቃ» ነበር የሚላቸው። ስለ እሳቸው ጥቂት ለማለት የተነሣሁት ለዚህ ነው።

አጎቴ የገበሬ ልጅ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ከመንደራችን ወጣቶች ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቶ ስለነበር ሥልጠናቸውን እንደጨረሱ ወደ ምሥራቅ ተላኩ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተይዛ ነበር። ካራማራ ላይ ድል የተገኘው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። አጎቴ በዚያ ውጊያ ተሰልፈዋል፤ ቀኝ እግራቸው ላይ የነበረው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመታቸው በሰሜን ጦር ግንባር አለቀ።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። አጎቴ ያን ጊዜ ደቡብ ነበሩ። በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ፣ ዋልዳ ካምፕ ቆዩ፣ በኋላም ወደ ካኩማ መጡ። የአሥራ አራት ዓመት አገልግሎት፣ ጡረታ የለ፣ መሸኛ ወረቀት የለ።

እኔ በ1998 ዓ.ም. ወደዚህ ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። በማግሥቱ ጠዋት «ተነሥ፣ ውኃ የሚቀዳው በጊዜ ነው» ብለው ቀሰቀሱኝ። ቦኖው ጋ ስንደርስ ጄሪካኖቹ እንደ ሰልፍ ተደርድረው አየሁ። ማንም አልሾማቸውም፤ ግን እርጉዝና ሽማግሌ ከፊት እንዲቀዱ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ። የሚጣላ ሲመጣ አይጮኹም፤ ጄሪካኑን አንሥተው ወደ ቦታው ይመልሱታል፣ አለቀ። ላጋው ሌሊት ሞልቶ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቅም መጀመሪያ ልጆቹን ቆጥረው የሚያሻግሩት እሳቸው ነበሩ። ቁጡ ነበሩ፣ አልዋሽም፤ የዘገየ ሰው አይወዱም።

ስለ ጦርነት ግን አይፎክሩም። አንድ የሰፈራችን ልጅ «ሃምሳ አለቃ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ስንት ጓደኛ ቀበርክ ብለህ ጠይቀኝ» አሉት። ዝናብ የቤቱን ቆርቆሮ ሲመታ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ወጥተው በር ላይ ይቆማሉ። እኔም አጠገባቸው እቆማለሁ፤ አንነጋገርም።

ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ አንድ የሶማሊያ ሽማግሌ ይኖራሉ። የሰፈሩ ልጆች «አዴር» ነው የሚሏቸው፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። እሳቸውም በ1970 ካራማራ ነበሩ፣ በዚያኛው በኩል። ሁለቱ ይህን ያወቁት ሻይ ላይ፣ በተሰባበረ ስዋሂሊ ነው። አጎቴ በእንጨት መሬት ላይ ተራራውን ሣሉ፤ አዴር እንጨቱን ተቀብለው «እኛ እዚህ ነበርን» ብለው ምልክት አደረጉ። የሲያድ ባሬ መንግሥት በ1983 ጥር ላይ ወደቀ፤ የእኛው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ። ሁለቱም ያለ ጡረታ ቀሩ፤ ሁለቱም የራሽን ካርድ ይዘው በአንድ ሰልፍ ቆሙ። አጎቴ «ያጣላን ሰዎች ሁለቱም ሄዱ፤ እኛ ግን ጎረቤት ነን» ይሉ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። የሦስተኛ አገር ኢንተርቪው ሲመጣ ብዙ ሰው መከራቸው። «ወታደር ነበርኩ አይበሉ፤ ነጋዴ ነበርኩ ይበሉ፣ ፋይልዎ ቶሎ ያልፋል» አላቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። «ነጋዴው ሰውዬ አሜሪካ ቢገባ እኔ የት እቀራለሁ?» ነበር መልሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት የጦር ወንጀል የሠራን ሰው ከጥበቃ ያስወጣል እንጂ ወታደር መሆን ብቻውን ወንጀል ነው አይልም። ይህን ያውቁ ነበር። በየኢንተርቪው ክፍላቸውን፣ ማዕረጋቸውን፣ የዘመቱበትን ቦታ አንድ በአንድ ተናገሩ። ፋይላቸው ግን «ይታያል» እየተባለ ዓመታት ቆየ። ከሰፈራችን ስንቱ ተሸኘ፤ ሻንጣ ተሸክመው እስከ አውቶቡሱ የሚሸኙት እሳቸው፣ የሚቀሩትም እሳቸው። ቢዋሹ ኖሮ ምናልባት ዛሬ በሌላ አገር በሕይወት ይኖሩ ነበር የሚል አለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሲጸጸቱ ሰምቼ አላውቅም።

በቀብራቸው ቀን እድራችን ድንኳን ሲተክል የአዴር ልጆች አካፋ ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። መቃብሩን ከእኛ ልጆች ጋር ሆነው ቆፈሩ። አዴርም ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ተቀመጡ።

ወገኖቼ፣ በየብሎኩ እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች አሉን። ወታደር የነበረ፣ መምህር የነበረ፣ ነርስ የነበረች። ወረቀታቸው በመንገድ ጠፍቷል፤ ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት ፈርሷል። ያላቸው ማስረጃ አንደበታቸው ብቻ ነው። እናንተ ወጣቶች፣ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። የት ተወለዱ፣ የት አገለገሉ፣ ከማን ጋር ነበሩ ብላችሁ ጠይቁና በቀኑ ጻፉት። ዝም ካሉም ዝም ብላችሁ አብራችኋቸው ቆዩ፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

የአጎቴን ነፍስ ይማርልን፤ ለቀሩት ዕድሜና ጤና ይስጥልን።